ጉዳዩ፦

ከዋናው ፖስታ ቤት ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት በረንዳ ላይ፣
አሥራ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ስተይብ በጠራራ ፀሐይ፣
የባል ክስ፣ የቤት ኪራይ፣ የጠፋ መታወቂያ፣
አንዱም አልቸገረኝ፣ መግቢያና መደምደሚያ።

የራሴ ተራ ሲደርስ፣ «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ሲል ነበር።

ምን ብዬ ልጻፈው?
ዶሮ ስገነጥል ብልቱን በየስሙ እጠራለሁ፤
ፈረሰኛ፣ መላላጫ፣ አቃፊ፣ ቅልጥም እላለሁ፤
የእኔን ግን እናቴ «እዛ» ብላ አለፈች፣
እኔም ለልጄ «እዛ» አልኳት፤ እሷም «እዛ» አለች።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከፋርማሲው መስኮት
ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለኪንታሮት» ስላት፣
አየችኝ፣ አዘነች፣ «መቀመጥ ያማል» አለች፣
የመቀመጫ ቅባት በፌስታል ሰጠች።
አንድ ቃል ለሁለት በሽታ፤ የአማርኛ ነገር!
እኔም አላረምኳት፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

ኋላ ሲስተር እቴነሽ በየሳምንቱ እየቀባችው
ያን አበባ ጎመን የመሰለ ነገር አከሰመችው።
«ሌላ ነገር ካየሽ ተመለሽ» ያለችኝን ረሳሁ።
ለባሌ አልነገርኩት፤ እሱም አልነገረኝ፤
ዝም ለዝም ጀርባ ሰጥተን ተኛን።

ዘንድሮ ማሳከክ መጣ።
ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት፣ ከጎኑ ትንሽ ቁስል፣
ሌሊት የሚያስነሳ፣ ቀን ከወንበር የሚነቅል።
«ያው የድሮው ነው» አልኩ፤ የተረፈ ቅባት ቀባሁ።
ስምንት ወር። ስምንት ወር በገዛ ጣቴ ራሴን ዋሸሁ።
ከጠረጴዛዬ ጥቁር አንበሳ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣
ስምንት ወር ፈጀብኝ፣ ያቺን ለመራመድ።

ዶክተር ምንትዋብ ወረቀት ገልብጣ በብዕር ሳለችልኝ፦
«ቫይረሱ ብዙ ወንድማማች ነው፤
አንዱ ጯሂ፣ ኪንታሮት አብቅሎ ደጅ ላይ የሚፎክር፣
ሌላው ዝምተኛ፣ ዓመት ሙሉ ሥር ለሥር የሚቆፍር።
ኪንታሮትሽ ካንሰር አልሆነም፤ የጯሂው ጠባይ አይደለም፤
ግን በአንድ በር ነው የሚገቡት፤ አንዱ ከታየ
ሌላውን መጠርጠር አይከፋም።
አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ያስወጣዋል፤
እንቢ ያለው ነው የሚያሳስበኝ።»
«ከማን ያዘኝ?» አልኳት።
«እኔም አላውቅ» አለች፤ «ደምሽም አይነግረኝ።»

የምስር ፍሬ ያህል ቆርጣ ከጠርሙስ ከተተች፣
«አስካለ ወንድይፍራው» ብላ ከላዩ ጻፈች።
ከታች፣ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ በሚለው ክፍት ቦታ፣
እጇ ሳይንቀጠቀጥ ቃሉን አሰፈረችው።
በተያቢ ዓይን አነበብኩት፤
የፊደል ግድፈት የለውም።

ካንሰር ይሁን፣ ወደ ካንሰር የሚሄድ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣
አላወቅንም ገና።
በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሰው ይወርዳል፣ ታክሲ ይጮኻል፤
እኔም ስተይብ ዋልኩ፣ የአንድ ሽማግሌ የጡረታ ጉዳይ።

ማታ ልጄ የትምህርት ቤት ወረቀት ዘረጋች፣
«የክትባት ነው፣ ፈርሚልኝ፤ ለምኑ ነው ግን?» አለች።
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በስልክ ብርሃን ፈረምኩ።
«ለእ—» ብዬ ልቀጥል አልኩና ምላሴን ያዝኩ፤
ወረቀት ገልብጬ፣ ዶክተሯ እንዳደረገችው፣ መሣል ጀመርኩ።

«ስም አለው» አልኳት።
ሳቋን አፍና ጠጋ አለች።

ውጤቴ ዓርብ ነው።