ምዕራፍ ሰባት፦ ፋሻ

ብሬሻ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ቶርኖው ፀጥ ብሎ፣ ጭጋጉ ሲለጠፍ በመስኮቱ መስተዋት፣
ካሬ ደብተሬን ከዘይት ጨርቅ አርቄ፣
እጄ የሚያውቀውን አፌን እጠይቃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጠንቅቄ።

ጃርሶ ነው ያዘዘኝ፣ ከሞጆ ደውሎ፣
«ለውድድር የሚሆን ሞተር ልሠራ ነው፣ ጻፍልኝ» ብሎ።
«ቪዲዮ አትላክ፣ ኔትወርኩ ይቆርጠዋል፤
ወረቀት ግን ግሪስ ነክቶትም ይነበባል፣
ከመኪናው ሥር ስተኛም ደረቴ ላይ ያድራል።»

እሺ አልኩት፣ ሳላውቅ።
ቀላል መስሎኝ ነበር የጋለን ብረት በቀለም ማጥመቅ።

ምዕራፍ አንድ ሄደ፦ «ፍታ፤ እጠብ፤ ለካ።
ያልለካኸውን ነገር በግምት አትንካ።»
ሁለተኛው ኮሎ፤ ሦስተኛው ቢዬላ፦
«በሚዛን አስተካክል፣ አንዷ በሁለት ግራም ከብዳ ኮሎውን እንዳትበላ።»
አራተኛው ቴስታታ፦ «ቡሎኑን እሰር ከመሃል ወደ ዳር፣
እንደ ሽማግሌ ዕርቅ፣ ቀስ እያልክ፣ በዙር።»
ስለ ጓርኒሲዮን ሁለት ገጽ ጻፍኩና ቀደድኩ፤
ጮክ ብዬ ሳነበው ስብከት መሰለኝ፣ በራሴ ሳቅኩ።

ምዕራፍ ሰባት ፋሻ።
ሦስት ቅዳሜ ቆምኩ፤ ብዕሬ ጠፋባት መነሻ መድረሻ።

ኤርመስ ገባ ያኔ፣
የጋራዡ ባለቤት፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ የቆመ በጎኔ።
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ፊደሌን አየና
«ጽሕፈት ነው ወይስ የቡሎን ጥርስ?» አለኝ፣ እንደ መሳቅ አለና።
«አንብብልኝ» አለ፣ ወንበር ስቦ፣ ኮቱን ሳያወልቅ።
አነበብኩለት። አንድ ቃል ሳይገባው፣ ጨዋ ሆኖ ሲጠብቅ፣
ድንገት «ቴስታታ» ሲሰማ፣ «ካንዴላ»፣ «ዳዶ»፣ ፊቱ እየጠራ፣
ዘመድ ቆጠረ ከአማርኛው መሃል፣ በጣቱ፣ በተራ።
«ኪያቤ አይባልም!» ብሎ አረመኝ። «እኛ ጋ ይባላል፤
ከመጣ ቆይቷል» አልኩት፣ «ዜግነት አግኝቷል።»

«የፋሻው ክፍተትስ? ቁጥሩን ንገረኝ፣ ልጻፈው።»
መልስ አልሰጠኝም። ከሳጥን ፋሻ አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገው፣
ሲሊንደር ውስጥ ከተተ፣ በፒስተን ጀርባ ገፋው፣
ጫፍና ጫፉ ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው ተወው።
ፊለሯን አሳለፈ፦ አራት አስረኛ ሚሊሜትር፣
ከጥፍር የሳሳች፣ ከፀጉር የምትወፍር።

«ይቺን አትድፈናት» አለ።
ብዙ ዝም አለ።

ከዚያ ወንድሙ መጣ በወሬው፣ ፓሪዴ፣ የሽቅብ ውድድር፤
ዓመቱን አልነገረኝም፣ ዝናብ ነበር።
ሞተሩን የሠራው ኤርመስ፣ «ጉልበት አይሹለክ» ብሎ፣
ክፍተቷን አጠበባት፣ በስስት፣ ከልኳ አጉድሎ።
ብረት ሲግል ያብጣል፤ ጫፍ ከጫፍ ተላተመ፣
አራተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ባንዴ ቆመ።
«እግሩን ነው ያጣው» አለኝ፣ ፊለሯን በኪሱ ከትቶ።
«ሠላሳ ዓመት አብረን ምሳ በላን፤ አንድ ቀን አልጠየቀኝም ከቶ።
ጠይቆኝ ቢሆን...»
አልጨረሰውም። ኮቱን ቆለፈ፣ የቆለፈውን ኮት።
«ጻፈው። ያጠበበው ኤርመስ ነው በል። በስሜ ጻፍበት።»

በሩን ከፍቶ ሲወጣ የባቡሩ ድምፅ ገባ፣ ከጭጋጉ ጋር።
ደብተሬ ላይ የእጁ አሻራ ቀርቷል፣ ጥቁር፣ ካሬዎቹ ላይ፣ ዳር።

ጻፍኩ፦ «ጃርሶ፣ ለሰማንያ ስድስት ሚሊ ሲሊንደር አራት አስረኛ ተው።
ኤርመስ የሚባል ሰው አጥብቦ ያውቃል፤ ወንድም ነበረው።
ከዚህ በታች ሦስት መስመር ባዶ ትቻለሁ፣ ለአንተ።
አንድ ቀን አንተም ትስታለህ፤ ያን ቀን ሙላው፣ በስምህ፣ ራስህ ጽፈህበት።
በእርሳስ አይሁን።»