መዝገብ ያዥ

ከቃሊቲ አልፎ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
በኪራይ ሚኒባስ ሰባት ሆነን ስንሄድ፣
የጥር ውርጭ ነበር መስታወቱን የላሰው፤
ሹፌሩ በመዳፉ እየደጋገመ ዳሰሰው።

አንድ መነጽር አለን፣ ለሰባት ሰው የሚዳረስ፣
በጫማ ክር የቀጠልነው ማንገቻው ሲበጠስ።
እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። ዓይኔ ደካማ ነው፣ እጄ ግን ይጽፋል፤
ሌላው ያየው ሁሉ በእኔ እርሳስ ያልፋል።

አባ ሳሙኤል ዳር ስንወርድ፣ ሐይቁ የለም።
ጭጋግ ነው፤ የሚሸት ጭጋግ፣ እምቦጭና የፋብሪካ ቀለም።
«ሐይቁን ማን ወሰደው?» አለች እቴነሽ፣
በነጠላዋ አፍንጫዋን ከልላ፤
እግራችን ግን አገኘው፤
ጭቃው ጫማውን ከነካልሲው በላ።

ጋሽ ደምመላሽ፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣
ከኋላ የሚመጣን ነገር ሁሌ ቀድመው የሚረዱ፣
ጣታቸውን አነሡ። «እሽ! ክሬን መጣ» አሉ።
ቀና አልን። ሰማይ የሚባል የለም፤ ጭጋግ ነው በሙሉ።
ከዚያ ድምፁ ደረሰ፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ እንደ ቆየ በር፤
አንዱ ሲጣራ ሌላው «እዚህ ነኝ» የሚል ነበር።

«ከየት ነው የሚመጡት?» አለ ናሆም፤
የእቴነሽ ልጅ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ።
«ወንዝ ድንጋይ ከሚሆንበት አገር» አሉት ጋሽ፤
«ለነሱ እዚህ ነው ሙቀቱ።»
ናሆም እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።
አላመነም።

«ክሬን?» አለ ደግሞ። «ክሬንማ አውቃለሁ፤
ኮንዶሚኒየሙ ጋ ብሎኬት ሲያነሣ በመስኮት አየዋለሁ።»
«እሱ የብረቱ ነው።» «ታዲያ የዚህኛው ስም ማን ይባላል በእኛ?»
ዝም አልን፣ ስድስት አዋቂ፤ እሱ ብቻ ጠያቂ፣ እሱ ብቻ ዳኛ።
ይርዳው «ሽመላ» ሲል፣ ሌላው «ሽመላ ሌላ ነው» ሲል፣
«ሳቢሳ?» «ኧረ ተይ!» ጩኸቱ ከራሳችን በላይ ሲንከባለል፣
እርሳሴ ቆሞ ቀረ፣ «ዓይነት» ከሚለው ቃል ሥር፤
ስም የሌለው ነገር እንዴት ነው የሚቆጠር?

ከሽምብራው መሃል ገመቹ ብቅ አለ፣ የማሳው ባለቤት፣
ጣሳና ዱላ ይዞ፣ በየንጋቱ የሚያንኳኳበት።
«ቆጠራችሁ?» አለን። «አልታዩም» አልነው። ሳቀ፣ በጣም ሳቀ፦
«እኔ ልንገራችሁ! ሦስት ትልም ሽምብራ ከትናንት ወዲህ አለቀ።
በጥቅምት መጨረሻ ይመጣሉ፣ ሳይጠሩ፣ ሳይላክባቸው፤
እንግዶች ናቸው፤ ‹እንግዶቹ› ነው የምንላቸው።
ጣሳ እመታለሁ አዎ። ግን የዘገዩ እንደሆነ፣
ሚስቴ ‹ምን ነካቸው?› ትላለች፣ ልቧ እየባከነ።»

«እንግዶቹ» ብዬ ጻፍኩ።

ፀሐይ በየረር ጫፍ ስትወጣ ጭጋጉ ከሥሩ ተቀደደ፤
መጀመሪያ እግር ብቻ፣ የእግር ደን፣ ውሃ ላይ የተራመደ።
ከዚያ አመድማ ጀርባ፣ ከዚያም አንገት፣ አናት ላይ ቀይ ነጥብ፤
መነጽሩ ዞረ እንደ ንፍሮ ሳህን፣ ማንም ሳይሻማ፣ ማንም ሳይጠግብ።

ቆጠራው አልገጥም አለ፤ ጋሽ ሁለት መቶ ዘጠኝ፣
እቴነሽ ሁለት መቶ ሦስት። «የማንን ልጻፍ? ንገሩኝ!»
በዚህ መሃል የገመቹ ጣሳ ጮኸ፤ ሜዳው ተነሣ፤
ቁጥር ሁሉ ክንፍ አወጣ፤ ክርክራችን ተረሳ።

ናሆም ብቻ ጣቱን ቀስሮ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሸኛቸው፤
«ሁለት መቶ አሥር» አለ፤ «አንዱ አልበረረም፤ ቆሞ ጠበቃቸው።»
ወደ ጣቱ ዞርኩ። ይህንንስ የእኔም ዓይን አልሳተው፦
ከኮንዶሚኒየሙ በላይ፣ አንገቱን አርዝሞ፣
የብረቱ ክሬን ነበር፣ በአንድ እግሩ ቆሞ።

ካልሲ እየጨመቅን ተመለስን። ልጁን ማንም አላረመው።
ገጹ ዛሬም እኔ ጋ አለ፤ ጭቃ ነው ጠርዙን ያቀለመው፦

ቀን፦ ጥር ስድስት። ቦታ፦ አባ ሳሙኤል። አየር፦ ጭጋግ።
ዓይነት፦ እንግዶቹ።
ብዛት፦ ሁለት መቶ አሥር፤
ከነሱ አንዱ፣ በጋው ሲያልፍ፣ የማይሄድ።