ልክ

ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩት ሃያ ሁለት ገጽ ነው፤
ቦርከናን ከጦሳ እስከ ሐርቡ ድረስ
በዘጠኝ ጣቢያዎች ሌት ተቀን ልለካው፣
ደራሽ ውሃ ሳይመጣ ለሰዉ ሁሉ በስልክ
«ሽሹ!» የሚል መልእክት ቀድሜ ልልከው።

መምህር አራጋው መነጽሩን አውልቆ
ሁሉን አነበበ፤ አልሳቀ፣ አልተቆጣ።
በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝን ሰርዞ
«አንድ» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑም «በልክሽ»።
ሌላ ቃል አልወጣ።

በልክሽ! ከግቢው እስከ ፒያሳ ድረስ
ያቺን ቃል ሳኝካት በእግሬ ወረድኩኝ፤
በእኛ ሰፈር «ልክሽን» የሚባል ለጠብ ነው፣
በአጥር ላይ ሲወረወር ሰምቼ አደግኩኝ።

«በአንዱም አሳየዋለሁ» ብዬ ተነሳሁኝ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ኮድ ስጽፍ አነጋሁኝ፤
በአራተኛው ቀን እስከ ቀትር ተኛሁኝ፤
ከዚያ ዐሥራ አንድ ቀን ኮምፒውተር አልነካሁ።
(ሪፖርቱ ውስጥ የለም። እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።)

ሰኞ ገበያ ወርጄ በብድር የገዛሁት
ድምፅ ልኮ ውሃ የሚለካው ዕቃ
በመጀመሪያው ካፊያ ጠጥቶ ሞተብኝ፤
ከጎርፍ የሚያስጥለው ራሱ ሰጠመ።
ዘሃራ፣ የዶርሜ ልጅ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
ስቃ ስቃ ሲወጣላት «አብሽሪ» አለችኝ፣
ግማሽ ብርቱካኗን እጄ ላይ አኖረች።

የካቲት አለቀ። የቀረኝ አንድ እንጨት፣
አንድ ጣሳ ቀለም።
በየአምስት ሳንቲሙ ቀይ መስመር አስምሬ
ከድልድዩ ሥር ከአለት ጋር አሰርኩት።
እንዴት እንዳፈርኩኝ!
አምስት ዓመት ተምሮ ባሕር ዛፍ መትከል።

እዚያ ባጃጅ የሚያጥብ ጋሽ ይመር የሚባል
ውሃው ውስጥ እንደቆመ አየት አደረገኝ።
«ምንድን ነው?»
«የውሃ ልክ።»
«እሱንማ እኔም አለኝ።»
ሱሪውን ሰብስቦ ከጉልበቱ በታች
የድሮ ጠባሳ በጣቱ አሳየኝ።
«እዚህ ጋ ሲደርስ ባጃጁን አወጣለሁ።
ከዚህ ካለፈ ግን ራሴን።»

በማግሥቱ መጣሁ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት።
በማግሥቱም መጣሁ። የምጽፈው አንድ ቁጥር፤
ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ስምንት። ሃያ። ዐሥራ ዘጠኝ።
ጀግንነት የለውም፣ ለዘመድ አይነገር።
ጽፌ ዘወር ስል ቀኑ ይተርፈኛል፤
እንቅልፌም ተመልሶ በእግሩ መጣልኝ።

ሚያዝያ ላይ በልጉ ሲዘንብ አደረና
ሃምሳ ሁለት ገባ፣
ከጋሽ ይመር ጠባሳ አራት ጣት ከፍ ብሎ።
ባጃጆቹ ሁሉ ዳገት ላይ ነበሩ።
ያወጣቸው እሱ ነው።
እኔ ጻፍኩት ብቻ።

ስድሳ ቀን። ሦስት ባዶ። ሁለቱ ጉንፋን ነው፣
አንዱ ስንፍና ነው፤ እንዲያው ብዬ ጻፍኩት።
ሰኔ ላይ ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ
«ይኼ ብቻ?» አለኝ።
«ይኼ ብቻ» አልኩት።
መምህር አራጋው በመስኮት እያየ
«ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ፤
ትክክል ማለቱ ይሁን መስፈሪያውን ማለቱ
ሳይለይልኝ ወጣሁ።

አሁን መርሳ ነኝ፣ እናቴ ቤት፣ ሥራ ፈላጊ።
ክረምቱ ገብቷል። ትናንት ጧት አንድ ሰዓት
ስልኬ ጮኸች፤ ከማላውቀው ቁጥር፦
«ዛሬ 62። ያነበበው ይመር፣
የጻፍኩት ልጁ ከድጃ።»
ላኩልኝ አላልኩም።
ደብተሬን ፈለግኩት፣ አልጋ ሥር ነበረ።
ሦስቱን ባዶ መስመር እንዳሉ ትቼ
ከታች ጻፍኩ፦
ስድሳ ሁለት።