አንድ ብር፣ በበረዶ ላይ

እኔ ዘበኛ ነኝ። ባትሪ፣ ዱላ፣ አንድ አሮጌ ካፖርት፤
ኮምቦልቻ ናትና አለብሰውም፣ ለወግ ነው የያዝኩት።
እዚህ ሲመሽም ሙቀቱ አይመሽም፣
ከቦርከና በኩል ነፋስ ቢመጣ እንኳ አያሻሽም።

ማታ ሦስት ሰዓት ሒሳብ ሲዘጋ
አቶ ኑርዬ ይጠሩኛል፣ ድምፃቸው የረጋ፦
«ይመር፣ ያንንም እንዳትረሳ።
ቆጣሪው ጨረሰን እኮ።»

ያንን ያሉት ፍሪዘሩን ነው።
በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

እነቅለዋለሁ።
መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት እንደያዘ ኢሱዙ ያቃስታል፣
ይንቀጠቀጣል፣
አንዴ ተንፍሶ ዝም ይላል።
እስከ ስድስት ሰዓት ዝም።
ከዚያ ጠብ።
ጠብ። ጠብ።
ዶሮዎቹ ማላብ ይጀምራሉ፣
የሐይቅ ዓሣ ጎኑ ይላላል፣
የአይስክሬሙ ክዳን ቀስ ብሎ ያብጣል።
እኔ በጨለማ ተቀምጬ
የሰው ምሳ ሲያልበው እሰማለሁ።

የሱብሒ አዛን ሲሰማ መልሼ እሰካዋለሁ።
ረፋድ ላይ ሁሉም ድንጋይ ነው።
ከድንጋይ ላይ ምን ይነበባል?

አንድ ቀን ከጤና ጽሕፈት ቤት ሰው መጣ፣
ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ክላሴር ይዞ።
ክዳኑን ከፈተ፣ ጣቱን ሰደድ አደረገ፣
«ውይ፣ እጅ ይቆርጣል!» ብሎ ሣቀ።
ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጣ።
ፈረመ። ማኅተሙን መታ።
ወረቀቱ ከገንዘብ ተቀባይዋ ራስ በላይ ተሰቀለ፣
ከቢስሚላሁ ዝቅ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ከፍ ብሎ።

እኔ ምን አገባኝ? ዘበኛ የሚጠብቀው
ከውጭ የሚመጣ ሌባ ነው።
ከውስጥ ሲሆን በማን ይጮኻል?
«ሌባ!» ብዬ ጣቴን ብቀስር
የሚያመለክተው ይህችኑ ጣት ነው።

ረቡዕ ጦይባ መጣች፣
ከጨርቃ ጨርቁ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንዳለ።
ግማሽ ኪሎ ዓሣ፣ ልጇ ምግብ ዘግቶት።
«ጋሼ ይመር፣ ደኅና ነው ይኼ?»
«በረዶ ነው» አልኳት።
ውሸት አልነበረም።
ውሸት አለመሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ቅዳሜ በቀን አንድ ኩባያ ውሃ ከዓሣው ሥር ደበቅሁ።
ማታ ሲረጋ፣ ላዩ ላይ አንድ ብር አኖርኩ፣
ሚዛኑ ወደ ላይ፣ አንበሳው ወደ ታች።
ከዚያ እንደ ወትሮዬ ነቀልኩ።
እንደ ወትሮዬ ሰካሁ።

ሰኞ ጠዋት ኩባያዋ ድንጋይ ናት።
ብሯ ግን ከላይ የለችም።
ከታች ነች፣ ከመቀመጫው ላይ፣
በበረዶው ውስጥ እንደ ዓይን ታየኛለች።
ስትሰጥም ተገልብጣለች፤ አንበሳው ነው የሚታየው።
ሚዛኑ ተደፍቷል።

ምንም አልተናገርኩም። መናገር አልችልበትም።
ኩባያዋን ከማኅተሙ ወረቀት ሥር፣
ገንዘብ መቀበያው ላይ አስቀመጥኳት።
ሱቁ ሊከፈት ዐሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣
ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታለች፣
የኩባያዋ ጠርዝ ማላብ ጀምሯል።

ሰው ቶሎ መጥቶ ካላያት
ብሯ ተራ ብር ልትሆን ነው፣
ውሃው ተራ ውሃ።