እጅ መንሻ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር። ውርጩ ጠመኔዬን አንቀጠቀጠው፤
«ካንቶን» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰሌዳው ግማሹን ዋጠው።
«አንዲት ወደብ» አልኳቸው፣ «አንዲት የበር ቀዳዳ፤
በሷ ብቻ ነበር የሚገባው እንግዳ፣
ብሩን በሳጥን ሞልቶ ከባሕር ማዶ የመጣ፣
ሻይ ቅጠል ጭኖ፣ ሐር ጭኖ ሊወጣ።

አንድ ዘመን መልክተኛ መጣ፣ ጓዙም ብዙ፤
የሚደውል ሰዓት፣ ሩቅ አሳይ መነጽር መያዙ።
‹ገጸ በረከት ነው› ሲል እሱ ደረቱን ነፍቶ፣
‹ግብር› የሚል ሰንደቅ ጀልባው ላይ ጠበቀው ተዘርግቶ።
‹ተንበርከክ› ቢሉት ‹አንድ ጉልበት ይበቃል› አለ፤
ስለ አንድ ጉልበት ስንት ወረቀት ተቃጠለ።
ንጉሡም መለሰ፦ ‹ሁሉ በጄ ነው፤ አልጎደለኝም፤
የሰው አገር ሰዓት ጀንበሬን አያጠልቅልኝም።›»

ከኋላ ዘነበወርቅ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣች፣
የባና ሠሪ ልጅ፣ ከጋቢዋ ውስጥ ጣቷን አወጣች።
«ከዚያስ?»
            «ከዚያማ በሳጥኑ ኦፒየም ገባ፤
ብሩ በመጣበት መንገድ ወጣ፣ እንደ ሌባ።
ሹሙ መርዙን በጨው፣ በኖራ በጥብጦ ባሕር አወረደ፤
መርከብ መጣ። የጉልበቱን ነገር መድፍ ፈረደ።

ያኔ እኛም ዘንድ፣ እዚያ ቁልቁል፣ አልዩ አምባ፣
ከአፋር በረሃ ግመል ሳጥን ጭኖ ሲገባ፣
ሁለት ባላንጣ ፈረንጆች ቂማቸውን በፈገግታ ሸፍነው
አንኮበር ወጡ፣ ባንድ ዳገት፣ እጅ መንሻ አስጭነው።»

ዘነበወርቅ አልጻፈችም።

«መምህር» አለች፣ «አባቴም ‹ሁሉ በጄ ነው› ይል ነበር።
ቅዳሜ ገበያ፣ ከባናው ፊት ለፊት፣ ነብር—
ነብር የተሳለበት የቻይና ብርድ ልብስ ተሰጣ፤
በባናው ሩብ ዋጋ፣ ቀሎ፣ ሞቆ፣ ጌጥ ሆኖ መጣ።
ምራቁን ተፋበት። ባናው ግን ውሎ ውሎ ተመለሰ፤
አምና ጥር እሱም ገዛ፤ ማታ ማታ ነብሩን ለበሰ።
መወርወሪያው ጣራው ሥር ተሰክቶ አቧራ ይጠጣል፤
እሱ ተኝቶ፣ እጁ ግን ነብሩ ሥር ሲሸምን ይነጋል።
እና መምህር፣ እጅ መንሻ ማለት እጅ የሚነሳ ነው?»

ደወሉ፣ ያ አሮጌ የመኪና ቸርኬ፣ ተመታ። ማንም አልወጣም።
መልሱን «ለሰኞ» ብዬ አሳደርኩት፤
ዛሬ ሦስተኛው ሰኞ ነው።