የመጨረሻው ያሸንፋል

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ከቤቱ ይወጣል፣ ደጁን ሳይዘጋ፤
በተወው ጭቃ ላይ በእግር እንሻገራለን፣ ከደሴት ደሴት፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው እስኪመለስ ድረስ፣ ለፍለጋ።

ሰሜን ጀርመን ነው፤ ጉብታ ላይ አራት ቤት፣ አንድ የዝናብ ኩሬ፤
የመንግሥት ካርታ ግድግዳዬ ላይ አለ፣
እንደ ሠርግ ፎቶ ተሰቅሎ የቆየ እስከ ዛሬ።
ሰማያዊው ሰማያዊ፣ ግራጫው ግራጫ፤
ቦዩ ግን አምና ክረምት ተነሥቶ ሄደ፤ የለውም መቀመጫ።

ማታ ማታ፣ የጀልባ ሞተር ፈትቼ ገጥሜ ስገባ፣
ግራሶው ከጥፍሬ ሳይለቅ ኮድ እጽፋለሁ፣
መብራት ቀንሼ፣ እንደ ሌባ።
አንድ መተግበሪያ፣ ሰርቨር የሌለው፣ አለቃ የማያውቅ፣
ሰብሳቢ እንደሌለው ዕቁብ፣
ሁሉም የሚጥልበት፣ ለሁሉም የሚደርስ፣ ማንም የማይሰርቅ።

መሐል ጭቃው ላይ ኔትወርክ የለም፤ ንፋስ ብቻ።
ግን ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ «ሞይን» ሲባባሉ፣
ስልኮቻቸው ኪስ ውስጥ ሆነው እንደ ውሻ ይሻተታሉ፤
«ያንተ ቦይ የት ደረሰ? የእኔ እዚህ ጋ ታጥፏል» ይጠያየቃሉ፤
በዐሥራ ሁለት ሰከንድ ካርታ ተዋውሰው ይለያያሉ።

ፍሬርክ ሳቀብኝ። ሰባ ዓመት ጭቃ የረገጠ፣
በየቦዩ ዳር ቅርንጫፍ እየተከለ መንገድ ያስቀመጠ።
«ካርታ ማለት» አለኝ፣ «እግሩ ያልራሰ ምስክር ነው፣
ችሎት ፊት ቢቀርብ ባሕር የሚስቅበት፣ የሚያሳፍረው።»
ቢሆንም ስልኩን ሰጠኝ፣ በዳቦ ፌስታል ጠቅልሎ፣
«ጫንልኝ፤ ከዋሸኝ ግን እጥለዋለሁ» ብሎ።

ኮዴ ውስጥ አንዲት መስመር ነበረች፣ አጭር፣ ኩሩ፣
በየካቲት ሌሊት የጻፍኳት፣ ዐይኖቼ ሲታወሩ፦
ሁለት ሰው ስለ አንድ ቦታ ሁለት ነገር ከተናገረ፣
የመጨረሻው ያሸንፋል፤ የፊተኛው እንዳልነበረ።
ቀላል ሕግ ነው። ሰዓት ይፈርዳል።
ሰዓት ለማን ያደላል?

በመስከረም ቶማ መጣች፣ የፖስታ ከረጢቷን አንጠልጥላ፣
እስከ ደረቷ ርሳ፣ ደብዳቤው ሁሉ ሾርባ መስሎ፣
አንድ ጫማ ለባሕር ጥላ።
ካርታው «እስከ ጉልበት» ይላል፤ ራሷ ናት የጻፈችው።
ፍሬርክ በማግስቱ «አትለፉ፣ ከራስ በላይ ነው» ብሎ ነበር፤
ኮዴ ሰረዘው።
ባትሪዋ በብርድ ሞቶ ሲነሣ፣ ሰዓቷ ሦስት ቀን ቀድሞ ነበር፤
ከነገ ተበድሮ የመጣ ቃል
ትናንት ያየን ሽማግሌ ይሽር ነበር?

አልጮኸችብኝም። ምድጃው አጠገብ ቆማ ካልሲዋን ጨመቀችው።
«እኔም አልዋሸሁም» አለች፣
«ያን ጠዋት ውሃዋ ጉልበቴን ብቻ ነው የነካችው።»

ያን ሌሊት መስመሯን አጠፋኋት። ሠላሳ አንድ ፈተና ቀላ፤
ፕሮግራሙ ዳኛው እንደሞተበት ችሎት
ተተራመሰ፣ ተጉላላ።
አሁን ሁለቱም ይቆማሉ።
ስም አላቸው፣ ነፋስ አላቸው፣ የጨረቃ ዕድሜ አላቸው፦
«ቶማ፦ እስከ ጉልበት።»
«ፍሬርክ፦ አትለፉ።»
እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው።
መንገደኛው ያንብብ፤ ይፍረድ፤ ዱላውን ይስደድ ወደ ጭቃው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኔ አንበሳ አልፈለግሁም፤
ባሕርንም ላስር አልተነሣሁም፤
ቶማ ቤቷ እንድትገባ ነው፣ ጫማዋን ይዛ፣ ሁለቱንም።

ትናንት ጉም ውስጥ ፍሬርክን አገኘሁት፣ ከመንገዱ እኩሌታ፤
ፌስታሉን ከኪሱ አወጣ፣ ያለ ሰላምታ።
ስልኮቹ ሲሻተቱ ዝም ብለን ቆምን፣ ዐሥራ ሁለት ሰከንድ፤
ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ጋ ተመልሶ
ጣቶቻችንን ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ።
«ያንተ ነገር» አለ፣ «ቢያንስ መጣላት ያውቃል።»
ቅርንጫፉን ጭቃው ላይ ተክሎ ሄደ።

አንድ ፈተና እስካሁን ቀይ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ባሕሩም ገና አልጨረሰም።