ሦስቱ ሀ

ከአንኮበር ቁልቁለት ጉልበቴ እየከዳኝ፣
አልዩ አምባ ገባሁ፣ ነፋሱ ከኋላ እንደ በቅሎ እየነዳኝ።

አያ ሸረፋ ከሽመና ጉድጓዳቸው ተቀምጠዋል፣
እግራቸው መርገጫውን ዝቅ ከፍ ያደርጋል።
በአርጎባኛ የሚቆጥር፣ ባካባቢው ተፈልጎ ተመርምሮ፣
እሳቸውና እህታቸው ናቸው፤ የሷም ጆሮ ተደፍኗል ከካቻምና ጀምሮ።

መቅረጫዬን ከድሩ አጠገብ አኖርኩና፣
«አንድን እንዴት ይሉታል?» አልኩ፣ ጆሮዬን አቀናሁና።

«ሃንድ።»
«ይድገሙልኝ።»
«ሃንድ።»
«አንዴ ብቻ፣ አባባ።»
«አንዱን ስንቴ ትቆጥራለህ? ሁለት ሳንደርስ እኮ ጀንበሯ ልትገባ!»

ያቺ ሃ!
ከደረት ተነስታ ምላስ ሳትነካ የምትወጣ፤
አማርኛዬ መንገድ ላይ ጥሏት፣ ዞሮ ሳያያት መጣ።

ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣
ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ስል ደክሜ፣
«ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት?» ብዬ ጠየቅሁ፤
መምህር ይፍሩ ጠመኔ ወረወሩ፤ ጎንበስ ብዬ አመለጥሁ።

ለካ ሦስት ቤት ሠርተን፣ አንድ ተከራይ ስናዞር፣
ባለርስቷ ቆላ ወርዳ በሸማኔ ጉሮሮ ታድር ነበር።
እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ «አሐዱ» ሲባል የምሰማት፣
ቀለሟን ነው እንጂ ለካ እስትንፋሷን አላውቃት።

አረፍ ሲሉ አጫወትኳቸው፣ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን፣
በሰፊው ባሕር መሐል፣ ደሴት ላይ የሚኖሩትን፤
ተናባቢ ድምፃቸው ከሁለት እጅ ጣት የማይበልጥ፣
ከነዚያም አንዷ ዝምታ ናት፣ ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ቁርጥ።
ፊደል ያመጡላቸው እንግዶች እሷን ሳይጽፏት አለፉ፤
ስንት ቃላት ተምታቱ፣ ስንት ቃላት ረገፉ።

«ስንት ሰው ቀራቸው?» አሉ፣ ክር በጥርሳቸው በጥሰው።
«ሽማግሌ ሽማግሌው፣ ቢበዛ አርባ ሰው።»
«አርባ!» አሉ። ሳቁ። መወርወሪያውን ሰደዱ።
«አርባ ሰውማ ይሟገታል፣ ይታረቃል፤ ብዙ ነው ዘመዱ።»

በር ላይ የልጃቸው ልጅ ሙሒዲን በአማርኛ ተጣራ፤
በአማርኛ መለሱለት። መቅረጫው ያንንም ያዘ በተራ።

ማታ ደብረ ብርሃን፣ ውርጩ ጣቴን ሲቆረጥመው፣
ቁጥሩን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ እጄ ብዕር መያዝ አቃተው።
መዳፌን ወደ አፌ አስጠጋሁ፦
ሃ…
ሃ…
ሞቀኝ ትንሽ።
በየትኛዋ ልጻፋት?